ኖራ በሆሞሻ ቀይ አፈር ውስጥ ምን ይሠራል?

ስለ መሟሟት ስንማር ስኳር በሻይ ውስጥ እንዴት እንደሚጠፋ እናያለን፤ የሟሟን ነገር ዳግም እንዳይሟሟ ስለማድረግ ግን ብዙም አንነጋገርም። በአሶሳ ዞን፣ በሆሞሻ ወረዳ የሚኖር ገበሬ በኮምጣጣ ማሳው ላይ የተፈጨ ኖራ ሲበትን የሚያከናውነው ግን ይህንኑ ነው።

በአካባቢው የሚበዛው አፈር ቀይ ነው። ለረጅም ዘመናት የዘነበው የክረምት ዝናብ እንደ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያሉትን በቀላሉ የሚሟሙ ንጥረ ነገሮች አጥቦ ወስዷቸዋል። የቀሩት ለውሃ እምቢተኛ የሆኑት የብረትና የአልሙኒየም ኦክሳይዶች ናቸው፤ ቅላቱም የብረቱ ነው። አፈሩ ይበልጥ አሲዳማ በሆነ ቁጥር ግን ይህ እምቢተኝነት ይላላል። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አልሙኒየም በአዮን መልክ እየሟሟ የሥርን ጫፍ ይጎዳል። ሥሩ ያጠረ በቆሎም ዝናብ ለጥቂት ቀናት ሲቋረጥ፣ ከታች እርጥበት እያለ ይጠወልጋል።

ኖራ፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት፣ የሃይድሮጂን አዮኖችን ወደ ውሃነት ይለውጣል፤ የሃይድሮክሳይድ አዮኖች መጠንም ከፍ ይላል። አንድ የአልሙኒየም አዮን ከሦስት ሃይድሮክሳይዶች ጋር ተጣምሮ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆናል። እዚህ ላይ ሦስት የምትለውን ቁጥር ልብ እንበል። ፒኤች በ1 ሲጨምር ሃይድሮክሳይድ 10 እጥፍ ያድጋል፤ ስለዚህ በውሃው ውስጥ ሊቆይ የሚችለው ነፃ አልሙኒየም በ10 × 10 × 10፣ ማለትም በ1,000 እጥፍ ያንሳል። ከ4.5 ወደ 5.5 መሸጋገር በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም ለሥሩ ትልቅ ለውጥ ነው። ይሁንና ሸክላው በገጹ ላይ ተጨማሪ አልሙኒየም ስለሚይዝ፣ የሚያስፈልገውን ኖራ በፒኤች ብቻ መወሰን አይቻልም፤ የአፈር ምርመራ የግድ ነው።

ያው ሂደት ገበሬውንም ሊጎዳው ይችላል። በማዳበሪያ መልክ የተጨመረው ፎስፈረስ በአሲዳማ አፈር ውስጥ ከብረትና ከአልሙኒየም ጋር ተጣምሮ ይታሰራል፤ ገንዘብ የወጣበት ማዳበሪያ ከማሳው ሳይወጣ ለተክሉ ይጠፋል። ኖራ ይህን እስር በከፊል ያላላል። ሆኖም ፒኤች ከ7 በላይ ካለፈ ፎስፈረሱን በተራው ካልሲየሙ ያስረዋል። «ኖራ በበዛ ቁጥር ምርት ይበዛል» የሚለው አባባል እንግዲህ ትክክል አይደለም።

ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው የሀገራችን የእርሻ መሬት በተለያየ ደረጃ አሲዳማ መሆኑ ሲታሰብ፣ ፈታኙ ነገር ኬሚስትሪው ሳይሆን ማጓጓዣው ነው፤ ኖራ ከባድ ነው። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በእብነ በረድ የታወቀ ነው፤ እብነ በረድም በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ከቆረጣ የሚተርፈው ስብርባሪ ተፈጭቶ ለማሳ ቢውል መልካም ነው እንላለን።

መፍጨቱ ታዲያ ለምን አስፈለገ? ኖራው ራሱ በዝግታ የሚሟሟ በመሆኑ ነው። በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ 0.1 ሚሊ ሜትር ወደሆኑ ቁራጮች ቢፈጭ፣ ከውሃ ጋር የሚገናኘው ገጽ ከ6 ወደ 600 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ዱቄቱም ቢሆን ጊዜ ይፈልጋልና ከመዝራት ሳምንታት አስቀድሞ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር በእርሻ ይቀላቀላል።