ከማሕፀን ጀምሮ ስለሚዘጋ የሕፃናት አንጀትና ስለ ሕክምናው

ሕፃን ሲወለድ ቤተ ሰቡ ሁሉ የሚጠብቀው ልቅሶውን ነው። ካለቀሰ እልልታው ይቀልጣል። ነገር ግን ከላይ ሲያዩት ምንም ጉድለት የሌለበት ሕፃን የምግብ መንገዱ ተዘግቶ ሊወለድ ይችላልና ስለዚሁ ሕመም በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን ጥቂት እንገልጻለን።

የምግብ መንገድ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የሚደርስ አንድ ረጅም ቧንቧ ነው። ወደ ጨጓራ የሚወርደው ክፍል ተቋርጦ እንደ ሆነ ሕፃኑ ምራቁን እንኳ መዋጥ ስለማይችል ከአፉ አረፋ ይወጣል፤ ሲጠባም ትን ይለዋል። አንጀቱ የተዘጋ እንደ ሆነ ሐሞት መውረጃ አጥቶ ወደ ላይ ይመለሳልና ትውከቱ እንደ ቅጠል አረንጓዴ ይሆናል፤ ሆዱም ሊነፋ ይችላል። ከ5,000 ሕፃናት መካከል አንዱ ያህል ደግሞ ፊንጢጣው በሚገባ ሳይከፈት ይወለዳል።

ምክንያቱን እርግማን ወይም የእናቲቱ ጥፋት አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ ይህ ከሐሜት አይሻልም። እ.ኤ.አ. በ1955 ሎውና ባርናርድ የተባሉ የኬፕታውን ሐኪሞች በእናታቸው ማሕፀን ያሉ ቡችሎችን አንጀት የሚመግቡትን የደም ሥሮች ቢያስሩ፣ ቡችሎቹ አንጀታቸው ተዘግቶ ተወለዱ። ከዚህም ብዙው የትንሹ አንጀት መዘጋት የሚመጣው በፅንስ ጊዜ ደም ሲቋረጥ መሆኑ ታወቀ። ባርናርድ በ1967 ልብ በመተካት ዓለም ያወቀው ያው ሐኪም ነው።

የሚያድነው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። ሐኪሙ የተዘጋውንና ደም ያነሰውን ክፍል ቆርጦ ጤነኛውን ከጤነኛው ጋር ይሰፋል። የተቋረጠውን የጉሮሮ ቧንቧ በአንድ ጊዜ ገጥሞ ሕፃን ለማዳን መጀመሪያ የበቃው አሜሪካዊው ካሜሮን ሄይት በ1941 ነው። ፊንጢጣው ላልተከፈተ ሕፃን ግን፣ አንጀቱ ከቆዳው ርቆ የቆመ እንደ ሆነ፣ አስቀድሞ በሆዱ ላይ የሰገራ መውጫ ይበጅለታል፤ ከወራት በኋላ ፊንጢጣው ይሠራለታል፤ በመጨረሻም የሆዱ መውጫ ይዘጋል። በቤት ውስጥ በምላጭ ወይም በመርፌ ለመክፈት መሞከር ሕፃኑን መግደል ነው።

እንግዲህ ሕክምናው እያለ ሕፃናት የሚሞቱት ስለ ምንድር ነው? አንደኛው ምክንያት መዘግየት ነው። አራስ ቤት ጨለማ ነው፤ ሕፃኑም እንደ ተጠቀለለ ይሰነብታል። በሰባተኛው ቀን ስም ለማውጣት ዘመድ ሲሰበሰብ፣ አንጀቱ ፈጽሞ የተዘጋ ሕፃን ውሃው ከሰውነቱ አልቆ ደክሟል። ሁለተኛው ለአራስ ልጅ ቅቤና የስኳር ውሃ ማቅመስ ነው። ይህ ለጤነኛውም አይበጅም፤ ጉሮሮው የተቋረጠ ሕፃን ግን የቀመሰው ወደ ሳንባው ይገባበታል። እንገር ይበቃዋል።

በውጭ አገር ስንማር፣ የተወለደ ሕፃን ሁሉ በዚያው ሰዓት ገላው ተገልጦ ፊንጢጣው ጭምር እንዲታይ እንደ ሕግ አድርገው ያስተምሩን ነበር። ይህን አዋላጅ ብቻ ሳትሆን አያትም ልታደርገው ትችላለች። ጤነኛ ሕፃን ጥቁር አረንጓዴ የሆነውን የመጀመሪያ ዓይነ ምድር በ24 ሰዓት ውስጥ ያወጣል። ይህን ያላወጣ፣ አረንጓዴ የሚያስታውክ ወይም አረፋ የሚደፍቅ ሕፃን ሳይነጋ ወደ ጁገል ሆስፒታል ወይም ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ይወሰድ። በግንቡ ውስጥ መኪና የማይገባባቸው መንገዶች ብዙ ናቸውና እስከ በሩ ታቅፎ መሮጥ ነው። በመንገድ ምንም አይቅመስ፤ ከእናቱ ደረት ተጠግቶ ይሙቅ፤ አረፋው እንዳያንቀው በጎኑ ይያዝ። ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ቢሆን መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና፣ አስቀድሞ የጠፋው ሰዓት እዚያ ይቈጠራል።

ለመምህራን አንድ ነገር እንጨምራለን። ፊንጢጣው በቀዶ ሕክምና የተሠራለት ልጅ አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ አንዳንዱ ሆዱ ይደርቅበታል፤ አንዳንዱም ሰገራው ያመልጠዋል። ይህ ስንፍና ወይም ብልግና አይደለም። እንዲህ ያለ ልጅ ከበሩ አጠገብ ይቀመጥ፤ እጁን ሳያነሣ ወደ መጸዳጃ ቤት ይውጣ፤ ወላጆቹም ቅያሪ ልብስ በመምህሩ ዘንድ ያኑሩለት።