ላሽ ተላላፊ አይደለም

ብዙ ጊዜ ላሽን ቀድመው የሚያዩት ፀጉር አስተካካዩ ወይም ሹሩባ የምትሠራው ሴት ናቸው። ራስ ላይ ፀጉር የረገፈባት፣ ሳንቲም የምታህል ልሙጥ ክብ ቦታ ሳታቆስል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብቅ ትላለች። ከ100 ሰዎች ሁለቱን ያህል በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል፤ ሕፃን አዋቂ፣ ወንድ ሴት አይልም።

መነሻው ቆሻሻም እርግማንም አይደለም። የሰውነት መከላከያ ኃይል የፀጉርን ሥር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ሥሩን ይከቡትና ፀጉሩ ያለጊዜው ይረግፋል። ፀጉር አብቃዮቹ መሠረታዊ ሴሎች ግን አይሞቱም፤ ከዓመታት በኋላ እንኳ ፀጉር ሊመለስ የሚችለው ለዚህ ነው። በዘር የመሄድ ዝንባሌ አለው፤ የታይሮይድ ሕመምና ለምጽ ባለባቸው ሰዎችም ላይ በዛ ብሎ ይታያል።

እኛ ዘንድ ትልቁ ችግር ከቆረቆር ጋር መምታታቱ ነው። ቆረቆር ፈንገስ ነው፤ ይተላለፋል፣ ቅርፊት አለው፣ እንደ ግሪሲዮፉልቪን ባሉ የሚዋጡ መድኃኒቶች ይድናል። የላሽ ቆዳ ግን ልሙጥ ነው። ጠርዙን አተኩሮ ላየው፣ ከላይ ወፍረው ወደ ሥራቸው የቀጠኑ፣ ቃለ አጋኖ የመሰሉ አጫጭር ፀጉሮች አሉት። አንዳንዴ ጥፍር ላይም በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ነጥቦች ይወጣሉ። ሳይለዩ ቦታውን በምላጭ በጥቶ ነጭ ሽንኩርት ማሸት መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላል፤ ጠባሳ ከተፈጠረ ሊመለስ የነበረው ፀጉር ላይመለስ ይችላል። በጋራ የሚጠቀሙበት ምላጭ ደግሞ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ያስተላልፋል።

ቦታው ትንሽ ከሆነ ግማሽ ያህሉ ሕሙማን በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ ሕክምና ፀጉራቸው ይመለሳል፤ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ሊበቅልም ይችላል። ለአዋቂ የተለመደው ሕክምና በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ቆዳው ውስጥ የሚወጋ ትራይአምሲኖሎን ነው፤ ለልጆች የሚቀባ ስቴሮይድ ይመረጣል። ላሽ በሰፊው ለተስፋፋባቸው አዋቂዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባሪሲቲኒብ የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በ36 ሳምንት ውስጥ ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት 3 ታካሚዎች ለአንዱ ያህል አብዛኛው የራስ ፀጉሩ ተመልሷል፤ ሲያቆሙት ግን ብዙዎቹ እንደገና ይረግፍባቸዋል። ውድ ነው፤ ሳይጀመርም የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል።

   ሕክምና የሚፈልግ ሰው አዲስ አበባ አለርትን፣ ወሎ ውስጥ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልን ይጠይቅ፤ ሁለቱም ለቆዳ ሕክምና የታወቁ ናቸው። መምህራንና ወላጆችም፣ ላሽ የያዘውን ልጅ ከጓደኞቹ አትለዩት፤ ከትምህርት ቤት የሚያስቀር ምንም ምክንያት የለም።