የፎቶግራፍ ቅንብር በወላይታ የመስክ ጥናት

ለጥናት ወደ ገጠር የሚወጣ ተማሪ ዛሬ ከደብተሩ ጋራ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ ይዞ ይወጣል። ሲመለስም ሥዕሉን ከጽሑፉ ጋራ ያቀርባል፤ አንባቢውም ብዙ ጊዜ ከጽሑፉ ይልቅ ሥዕሉን ያምናል። ነገር ግን ፎቶግራፍ በአራቱ ጠርዞቹ መካከል ያስገባነውን እንጂ ያየነውን ሁሉ አያሳይም። የፎቶግራፍ ቅንብር የምንለውም ይህንኑ የማስገባትና የማስቀረት ሥራ ነው። መሠረታዊ ደንቦቹን ከወላይታ ምሳሌ እየወሰድን ቀጥለን እንገልጻለን።

የመጀመሪያው ደንብ ዋናውን ነገር መለየት ነው። በወላይታ እንሰት የሚተከለው ከቤት አጠገብ ነው፤ ይኸውም የከብቱ ፍግ በቅርብ እንዲደርሰው ነው። አጥኚው ሊያስረዳ የፈለገው ይህን ግንኙነት ከሆነ ቤቱና እንሰቱ በአንድ ሥዕል ውስጥ መታየት አለባቸው። የእንሰቱ ቅጠል ብቻውን ከሰማይ ጋራ ቢነሣ ለዐይን ያምራል እንጂ ስለ ግቢው አሠራር የሚነግረን የለም።

ሁለተኛው ዋናውን ነገር የት እናስቀምጥ የሚለው ነው። የተለመደው ዘዴ ሥዕሉን በሐሳብ ወደ ጐንና ወደ ታች በሦስት በሦስት እኩል ከፍሎ ዋናውን ነገር በመስመሮቹ ላይ ማዋል ነው። ለዚህ ደንብ ስም ያወጣለት እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ቶማስ ስሚዝ ሲሆን፥ ዘመኑም 1797 እ.ኤ.አ. ነበር። ከሶዶ ከተማ በላይ የቆመውን የዳሞታን ተራራ ስናነሣ አድማሱን ከታችኛው መስመር ብናውለው ተራራውና ደመናው ይጐላሉ፤ ከላይኛው ብናውለው ደግሞ እርሻው ይጐላል። እንግዲህ ደንቡ የሚጠይቀን የምናጠናው ተራራውን ነው ወይስ እርሻውን ብሎ ነው።

ሦስተኛው የምንቆምበት ከፍታ ነው። እንሰት የምትፍቅ ሴት በመሬት ተቀምጣ ትሠራለች። ቆመን ቍልቍል ያነሣናት እንደ ሆነ እርሷ ታንሳለች፥ የእጅዋም ሥራ ይሸፈናል። አስቀድመን ፈቃድዋን ጠይቀን፥ ዝቅ ብለን በዐይኗ ትክክል ብናነሣት ግን ሰውየዋም ሥራዋም ይታያሉ።

አራተኛው ብርሃን ነው። ሶዶ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ወርዳ የሰውን ዐይን በጥላ ትሸፍናለች። ስለዚህ ከጧቱ 3 ሰዓት በፊትና ከቀትር በኋላ ከ10 ሰዓት ወዲህ ማንሣት ይሻላል።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚከብደው የጠርዙ ነገር ነው። በ2000 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ በመቅረቱ በወላይታና በአጎራባች አካባቢዎች ረኃብ ገባ። ዝናቡ ዘግይቶ በመጣ ጊዜ ምድሩ ለመለመ፤ በቆሎው ግን ገና አልደረሰም ነበርና ሰዎች በለምለም ማሳ መካከል ይራቡ ጀመር። ይህም «አረንጓዴ ረኃብ» ተባለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማሳውን ብቻ ያነሣ ሰው ጥጋብ ነው ያሰኛል፤ የከሳውን ሕፃን ፊት ብቻ ያነሣም ምድሩ በድርቅ የተቃጠለ ያስመስላል። ሁለቱም የሌለ ነገር አልጨመሩም፤ ነገር ግን ሁለቱም ተመልካቹን ያሳስታሉ። የመጀመሪያው ርዳታን ሊያዘገይ ይችላል፤ ሁለተኛው የረኃቡን ምክንያት ይሰውራል። እውነቱ የሚገኘው እናቲቱ ከነልጅዋ በደጃፍዋ ቆማ፥ ያልደረሰው በቆሎ ከኋላዋ በሚታይበት ሥዕል ነው።

ስለዚህ አጥኚው ከማንሣቱ በፊት አራቱን ጠርዞች በዐይኑ ይዙር። ካነሣም በኋላ ቦታውን፥ ቀኑንና ከጠርዙ ውጭ የቀረውን ነገር በደብተሩ ይጻፍ።