ከዒሻ በኋላ የሚበራው አምፖል

   ውድ አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን ብዙ ቤተሰብ በየማለዳው ስለሚጨቃጨቅበት፣ ነገር ግን አንዱን መንስኤ ቀና ብሎ ከጣሪያው ላይ ስለማይፈልገው ጉዳይ እንነጋገራለን።

ወላጆች ደጋግመው የሚያነሱልን ጥያቄ አለ። ልጄ ለሱብሒ አይነሳም፤ ስቀሰቅሰው እሺ ይልና ተመልሶ ይተኛል፤ ትምህርት ቤት ሄዶ ያንቀላፋል፤ ማታ ግን እስከ አምስትና ስድስት ሰዓት ዓይኑ እንደ ፈጠጠ ነው ይላሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ፍርድ የታወቀ ነው። "ኢማኑ ደክሟል" ይባላል፤ "ሰነፍ ሆኗል" ይባላል፤ አንዳንዱ ቤት ውስጥ ከቃልም አልፎ ዱላ ይነሳል። ስንፍና የለም አንልም። ስልኩም የራሱ ድርሻ አለው። ይሁን እንጂ በልጁ ላይ ከመፍረዳችን በፊት ከመግሪብ በኋላ ቤታችን ውስጥ ምን ዓይነት መብራት እንደሚበራ እንመርምር። በደማቅ ነጭ መብራት ሥር ሦስትና አራት ሰዓት ለተቀመጠ ሰውነት የሚደርሰው መልእክት "ገና አልመሸም" የሚል ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሰው አንጎል ውስጥ ሰዓት አኑሯል። ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሕዋሳት ያሉት እጅግ ትንሽ ክፍል ነው። የመተኛትና የመንቃት ጊዜ፣ የሰውነት ሙቀት መውጣትና መውረድ የሚመራው በእርሱ ነው። ይህን መሰሉ ሰዓት በሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ አጥንተው የደረሱበት ሦስት አሜሪካውያን፣ ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ታዲያ ይህ የውስጥ ሰዓት በልኩ 24 ሰዓት አይደለም፤ በአብዛኛው ሰው ዘንድ በጥቂት ደቂቃዎች ይረዝማል። ስለዚህ በየዕለቱ መስተካከል አለበት። ከሁሉም በላይ የሚያስተካክለው ብርሃን ነው። የጠዋት ብርሃን ሰዓቱን ያስቀድመዋል፤ ሰውየው ማታ ቀደም ብሎ እንቅልፍ ይመጣበታል፣ ጠዋትም ቀደም ብሎ ይነቃል። የማታ ብርሃን በተቃራኒው ያዘገየዋል። ማታ ደማቅ መብራት፣ ጠዋት ደግሞ መጋረጃው የተዘጋ ክፍል ከሆነ ልጁ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተገፋ ማለት ነው።

ዓይናችን ውስጥ ለማየት ከምንጠቀምባቸው ሕዋሳት ሌላ፣ ብርሃን መኖሩን ለዚህ ሰዓት የሚነግሩ ልዩ ሕዋሳት አሉ። ብርሃን የመቀበል ችሎታቸው በግልጽ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። እነዚህ ሕዋሳት ከሁሉም በላይ የሚነቁት ለሰማያዊ ብርሃን ነው። ሲመሽና ብርሃን ሲቀንስ ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን አንጎል ውስጥ ካለች ትንሽ ዕጢ መመንጨት ይጀምራል፤ ሌሊት መግባቱን ለመላው ሰውነት የሚያበስረው እርሱ ነው። ብርሃኑ ካልቀነሰ ግን ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት 116 ጤነኛ ወጣቶች ከመተኛታቸው በፊት አንድ ጊዜ በተለመደ የቤት መብራት፣ ሌላ ጊዜ በጣም ደብዛዛ በሆነ ብርሃን እንዲያመሹ ተደርጎ ነበር። በተለመደው የቤት መብራት ሲያመሹ ሜላቶኒን በሰውነታቸው ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ በ90 ደቂቃ ያህል አጠረ። ልብ በሉ፣ ይህ የስታዲየም መብራት አይደለም፤ እኛ ሳሎን ውስጥ የምናበራው ዓይነት ነው።

በልጆች ላይ ደግሞ ይበረታል። የልጅ የዓይን ሌንስ ጥርት ያለ ስለሆነ ብርሃን በብዛት ያስገባል። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት፣ በአንድ ዓይነት ደማቅ መብራት ሥር የልጆቹ ሜላቶኒን የቀነሰው ከወላጆች ዕድሜ ካሉት ሰዎች በእጥፍ ያህል ነበር። በዚያው መብራት ሥር አምሽተው አባት አራት ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሲጥላቸው ልጃቸው አለመተኛቱ ታዲያ ምን ያስደንቃል?

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ እናድርግ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስንተኛ መብራት እንድናጠፋ ማዘዛቸው በሰሒሕ ሐዲሶች ተዘግቧል። አንዳንድ ተናጋሪዎች ይህን ሐዲስ ይዘው "ሳይንስ ዛሬ የደረሰበት ያኔ ተነግሯል" ሲሉ እንሰማለን። በሐዲሱ ውስጥ የተጠቀሰው ምክንያት ግን የእሳት አደጋ ነው፤ አይጥ የፋኖሱን ክር ጎትታ በቤተሰቡ ላይ ቤቱን እንዳታቃጥል ነው። ኢማም ነወዊም በማብራሪያቸው የተሰቀለ ቀንዲል ለእሳት የማያሰጋ ከሆነ ምክንያቱ ስለሌለ ችግር እንደሌለበት አመልክተዋል። ስለዚህ ሐዲሱን ያላለውን አናስብለው። ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ የሚቀርበው አቡ በርዛ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዒሻ በፊት መተኛትንና ከዒሻ በኋላ ወሬ ይዞ ማምሸትን ይጠሉ ነበር። ዑለማኦች ዕውቀት መማማርን፣ እንግዳ ማስተናገድንና ከቤተሰብ ጋር መጨዋወትን ለይተው አስቀርተዋል፤ የቀረው ማምሸት የተጠላበትን ምክንያት ሲያስረዱም የሌሊት ሶላትንና ሱብሒን ማሳለፉን ይጠቅሳሉ። ቁርኣንም በሱረቱ ነበእ ሌሊትን በልብስ መስሎ፣ ቀንን የኑሮ መፈለጊያ አድርጎ ይነግረናል። ዛሬ ብዙ ቤት ውስጥ ይህ ልብስ የሚለበሰው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

አሁን ወደ አምፖሉ እንምጣ። ወላጆቻችን በኩራዝ አድገዋል። ብርሃኑ ደብዛዛና ቀይ ስለነበር እንቅልፍ አይከለክልም ነበር፤ ጭሱና ቃጠሎው ግን ብዙ ጉዳት አድርሷል፤ ወደ እርሱ እንመለስ የሚል የለም። ቀጥሎ ባለ ክሩ ቢጫ አምፖል መጣ፤ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ መብራት ኃይል ያንን እየተቀበለ ቆጣቢ አምፖል አደለ። ዛሬ ሱቁን የሞላው ኤልኢዲ ነው። ኤልኢዲ ኤሌክትሪክ በመቆጠብ ተወዳዳሪ የለውም፤ ችግሩ ብዙዎቻችን ስንገዛ "ነጩን ስጠኝ" ማለታችን ነው። ነጭ ንጹሕ ይመስላል፤ ለገንዘባችንም የበለጠ ብርሃን ያገኘን ይመስለናል።

ካርቶኑን አዙራችሁ ብታዩ ኬልቪን የሚባል ቁጥር ተጽፎበታል። 6500 የሚል ከሆነ የቀትር ሰማይን የሚመስል፣ ሰማያዊው የበዛበት ነጭ ነው። 2700 ወይም 3000 ከሆነ የድሮውን ባለ ክር አምፖል የሚመስል ቢጫ ነው። ለመኝታና ለማምሻ ክፍል የሚሆነው ሁለተኛው ነው። ቀለሙ ግን ብቻውን አይበቃም፤ መጠኑም ይታይ። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ የሚሰጠው ብርሃን የድሮው 60 ዋት ከሚሰጠው ጋር የሚቀራረብ ነው። ከዒሻ በኋላ ለመጨዋወትና ለመኝታ መዘጋጃ ባለ 3 ዋት ቢጫ ይበቃል። በጣም ደማቅ የሆነ ቢጫ ከደብዛዛ ነጭ የባሰ ሊሆን ይችላልና ቢጫ ገዝተናል ብለን አንዘናጋ።

"እኛ ያለችን አንዲት ክፍል ናት" የሚሉን አሉ፤ እውነታቸውን ነው። በአንዲቱ ክፍል አንዱ ያጠናል፣ እናት ታስተኛለች፣ አባት ዜና ይሰማሉ፤ ለሁሉም ከጣሪያው መሀል የተንጠለጠለ አንድ አምፖል ነው ያለው። ትልቁ መፍትሔ መብራቱን ለሁለት መክፈል ነው። የጣሪያው ለምግብ ማብሰያና ለሥራ ሰዓት ይቆይ። ከዒሻ ሶላት መልስ እርሱ ይጥፋና ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ትንሽ ቢጫ መብራት ይብራ፤ ከዓይን በላይ ያለ ብርሃን በቀጥታ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ዝቅ ያለውና ወደ ግድግዳ የዞረው ግን ለዓይን ይለዝባል። ለፈተና የሚያጠና ልጅ ካለ እንዲጨልምበት አንፈልግም። መጽሐፉን ብቻ የሚያበራ የጠረጴዛ መብራት ይሰጠው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጀርባውን ለተኙት ቢሰጥ፣ ወይም በመሀል ነጠላ እንኳ ቢጋረድ፣ ሁለቱም ጉዳያቸውን ያገኛሉ። በገጠር የፀሐይ ፋኖስ የምትጠቀሙ ወንድምና እህቶቻችንም፣ ፋኖሱ ዝቅተኛ ደረጃ ካለው ከዒሻ በኋላ ወደዚያ አውርዱት፤ ባትሪውም ይቆይላችኋል።

መብራት አብርቶ ማደርስ? ብዙ ቤት ውስጥ ልጅ ስለሚፈራ፣ አንዳንዴም ትልቁ ሰው ራሱ ጅን ስለሚፈራ፣ መብራቱ እንደበራ ይነጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ አነስተኛ የአሜሪካ ጥናት፣ በ20 ጤነኛ ሰዎች ላይ የተደረገ ነው፣ አንድ ሌሊት እንኳ መጠነኛ የክፍል መብራት በርቶ ሲተኛ የልብ ምት ከፍ እንደሚል፣ በማግስቱም ኢንሱሊን በደንብ እንደማይሠራ አሳይቷል። ጅን ለሚፈራ ሰው መድኃኒቱ አምፖል አይደለም፤ አየተል ኩርሲይና የመኝታ ዚክሮች ናቸው። ሕፃኑን ግን በአንድ ሌሊት ጨለማ ውስጥ አንጣለው፤ በሩ ገርበብ ብሎ ከኮሪደር በምትገባ ደካማ ቢጫ ብርሃን እናለማምደው። ለውዱእ ወይም ለሽንት ሌሊት የሚነሱ አረጋውያን ካሉ መንገዳቸው ላይ እግራቸውን ብቻ የምታሳይ ትንሽ መብራት ትኑር፤ ወድቆ መሰበር ከእንቅልፍ ማጣት የከፋ ነውና።

የጠዋቱ ክፍል በነፃ የሚገኝ ነው። ቤት ውስጥ መብራት አብርተን የምናገኘው ብርሃን ብዙውን ጊዜ 100 እና 200 ሉክስ ነው። ደጅ ግን በደመናማ ቀን እንኳ ብዙ ሺህ ሉክስ ይገኛል። አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች በመሆኗ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትወጣለች፤ የሰዓት አቆጣጠራችንም የተመሠረተው በእርሷ ነው። ከሱብሒ በኋላ መስጂድ ተቀምጦ ቁርኣን የቀራ፣ ፀሐይ ስትወጣም በእግሩ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው የውስጥ ሰዓቱን አስተካክሏል። ልጁም መስኮቱ ተከፍቶለት ደጅ ቁርሱን ቢበላ ወይም ትምህርት ቤት በእግሩ ቢሄድ ያው ነው። ለውጡ ግን በአንድ ቀን አይታይም፤ ሰዓቱ የሚፈናቀለው በቀን በጥቂቱ ስለሆነ ወላጆች አንድ ሁለት ሳምንት ይታገሡ። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንቅልፍ እምቢ ያለው፣ ወይም ሲተኛ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የሌሊት ጥበቃዎች፣ ነርሶችና ዳቦ ጋጋሪዎች ጉዳይ የተለየ ስለሆነ ኢንሻአላህ ለብቻው እንመለስበታለን።

ረመዷን ሲመጣ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያመሸው መስጂድ ውስጥ ነው። የመስጂድ ኮሚቴዎች አምፖል ሲቀይሩ የሶላት አዳራሹን በቢጫ ቢያደርጉት፣ ከተራዊሕ በኋላም ከፊሉን ቢያጠፉት፣ ምእመኑ ቤቱ ሲደርስ ቶሎ ይተኛል። ለሱሁር ሲነሱም ምግቡ የሚዘጋጅበትን ቦታ ብቻ ማብራት የተኙትን ሕፃናት ከመቀስቀስ ያድናል።