ያውቁ ኖሯል? ራኩን ጓሮዎ ሲገባ

በዋሽንግተን አካባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ጓሮ ያለው ቤት የያዘ ወገን ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ የሚተዋወቀው አንድ ጎረቤት አለ። ዓይኑ ዙሪያውን የጠቆረ፣ ጅራቱ ቀለበት በቀለበት፣ የበረንዳ መብራት ሲበራበት ከመሸሽ ይልቅ «ምን ፈለጋችሁ?» በሚል አኳኋን ቀና ብሎ የሚያይ። ራኩን ነው። አገር ቤት ጅብና ሽለምጥማጥ ተከፋፍለው የሚሠሩትን የሌሊት ሥራ እዚህ እሱ ብቻውን ጠቅልሎ ይዞታል። ስለ እሱ ብዙ ይወራል፤ ከሚወራው ውስጥ ግን ሰምተው ቢሠሩበት ዋጋ የሚያስከፍል አይጠፋም። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? ራኩን ከገጠሩ ይልቅ ከተማው ተስማምቶታል። ዋሽንግተንን ሰንጥቆ በሚያልፈው በሮክ ክሪክ ፓርክ ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲከታተሉ ቆይተው በ1998 ያሳተሙት ጥናት በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በአማካይ 125 ራኩን እንደሚኖር አሳይቷል። ገጠር ውስጥ በዚያው ስፋት የሚገኙት ጥቂት ናቸው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ከተማ ውስጥ በየቤቱ ደጅ ምግብ፣ በየጣሪያው ሥር ማደሪያ አለ።

ያውቁ ኖሯል? ዓለምን የሚያውቃት ከማየት ይልቅ በመዳሰስ ነው። የፊት እግሮቹ አምስት አምስት ጣት አላቸው። በጥፍሮቹ አጠገብ ደግሞ ነገሩን ገና ሳይጨብጠው ምንነቱን የሚነግሩት ጠንካራ ፀጉሮች በቅለዋል። በአንጎሉ ውስጥ ስሜት ከሚቀበለው ክፍል አብዛኛው የተመደበው ለእነዚሁ እጆች ነው። ቆሻሻ በርሜል ላይ ሲሠራ ያየው ሰው ነገሩ ይገባዋል። ዓይኑን ከእርስዎ ላይ አይነቅልም፤ እጆቹ ግን በራሳቸው ጊዜ የክዳኑን ዙሪያ ይዳስሳሉ፣ ጠርዙን ያገኙታል፣ ጣት ያስገባሉ፣ ብድግ ያደርጉታል። ዓይን ለጥበቃ፣ እጅ ለሥራ።

«ምግቡን አጥቦ ነው የሚበላው» የሚባለውስ? ከንጽሕና ጋር ምንም አያገናኘውም። እጁ ሲርስ የመዳሰስ ስሜቱ ይበልጥ ስለሚነቃ ነው። ይህም ልማድ ጎልቶ የሚታየው በሰው እጅ ተይዘው በሚኖሩት ላይ ነው።

ያውቁ ኖሯል? የኋላ እግሩ ዞሮ ጣቶቹ ወደ ኋላ ያመለክታሉ። ስለዚህ ከዛፍም ሆነ ከቤት ግድግዳ ራሱን ወደ ታች አድርጎ ይወርዳል። በሰኔ 2018 በሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ አንዱ የሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ወጥቶ ከሃያ ፎቅ በላይ ሲቧጥጥ ሕዝቡ በቀጥታ ሥርጭት ተከታትሎታል። ጣሪያው ላይ የድመት ምግብ ያለበት ወጥመድ ጠበቀው፤ ተይዞም ወደ ዱር ተለቀቀ።

ያውቁ ኖሯል? በ1907 ኤች. ቢ. ዴቪስ የተባለ ተመራማሪ ለራኩኖች 13 ዓይነት መቀርቀሪያና መዝጊያ አቅርቦላቸው 11ዱን ከፍተዋል። መቀርቀሪያው ሲገለበጥ ወይም ቅደም ተከተሉ ሲቀያየርም ብዙ አልተቸገሩም። በ2017 ደግሞ የዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በረጅም ቱቦ ውስጥ ውሃ ሞልተው ማርሽማሎ ከረሜላ አንሳፈፉ፤ እጅ አይደርስበትም። ድንጋይ ቢጣልበት ውሃው ከፍ ይላል፣ ከረሜላውም ይቀርባል። ከስምንቱ ራኩኖች ሁለቱ ይህን ተምረው ሠሩበት። አንዷ ግን በድንጋዩም በትምህርቱም ጊዜ አላጠፋችም፤ ቱቦው አናት ላይ ወጥታ እያወዛወዘች ጣለችውና ከረሜላዋን በላች። እኔ ብሆን ከፍተኛውን ነጥብ ለእሷ እሰጥ ነበር።

ይህንን ጥበብ በገንዘብ የገጠመችው ቶሮንቶ ናት። ከተማዋ የምግብ ትራፊ የሚጣልበትን አረንጓዴ በርሜል ከ2016 ጀምሮ በ31 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በአዲስ ለወጠች። ክዳኑ የሚከፈተው መያዣው ሲዞር ብቻ ነው። የታሰበው የራኩን አውራ ጣት እንደኛ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ስለማይገጥም ማዞር ያቅተዋል ተብሎ ነበር። ብዙዎቹን በእርግጥም አቃታቸው። በ2018 ግን አንዳንዶቹ በርሜሉን መሬት ላይ ጥለው፣ መያዣውን በተጋደመበት እያዞሩ ሲከፍቱት በካሜራ ታዩ። የሆነው ሆኖ ቶሮንቶ ከራኩኖቿ ጋር ያላት ነገር ጠብ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2015 ያንግ በተባለው ዋና ጎዳና ላይ አንዱ ሞቶ ሲገኝ፣ ማዘጋጃ ቤቱ እስኪያነሣው ድረስ በነበሩት 14 ሰዓታት ያህል አላፊ አግዳሚው ሻማ፣ አበባና ፎቶግራፍ ሲያስቀምጥለት ውሏል።

ያውቁ ኖሯል? በቀን ብርሃን የሚታይ ራኩን ሁሉ በእብድ ውሻ በሽታ አበደ ማለት አይደለም። በተለይ በፀደይ ወራት ልጆች የወለደች እናት ስለሚርባት ቀንም ትወጣለች። የሚያሳስበው አካሄዱ ነው፦ ከተንገዳገደ፣ የኋላ እግሩን ከጎተተ፣ ያለ ምክንያት ሰው ወይም ውሻ ላይ ከመጣ፣ ወይም ፈዝዞ ከቀረ። ያን ጊዜ ልጆችን ወደ ቤት አስገብቶ የአካባቢውን የእንስሳት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት መጥራት ነው።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ ካነሣን ትንሽ እንቆይበት። አገር ቤት በሽታው ከሁሉም በላይ የሚመጣው በውሻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ውሾች ስለሚከተቡ ዛሬ ከሚመዘገቡት የታመሙ እንስሳት ከዘጠና በመቶ በላይ የዱር ናቸው፦ የሌሊት ወፍ፣ ስከንክ፣ ቀበሮና ይኸው ራኩናችን። በራኩን የሚዛመተው ዓይነት ቀድሞ ደቡብ ምሥራቁን ክፍል ይዞ የተቀመጠ ነበር። በ1970ዎቹ ግን ለአደን እንዲሆኑ ከዚያ በተጫኑ ራኩኖች አማካይነት ወደ ዌስት ቨርጂኒያና ቨርጂኒያ ድንበር ገባና ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ዋሽንግተንንና ሜሪላንድን አዳረሰ። «ይዤው ሌላ ቦታ ልጣለው» የሚለው ሐሳብ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ያውቁ ኖሯል? መንግሥት ለዱር ራኩኖች ክትባት የሚሰጠው በምግብ መልክ ነው። የዓሣ ዱቄት የተቀባ ትንሽ ጥቅል ውስጥ ክትባቱ ይገባና በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ጥቅል ከአውሮፕላን፣ ከሄሊኮፕተርና ከመኪና ይበተናል። ጓሮዎ ወድቆ ቢያገኙት በባዶ እጅ አይንኩት። ውሻዎ ቢበላው አይጎዳውም።

ራኩን ከነከሰ ወይም ከቧጨረስ? ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ከዚህ በፊት ላልተከተበ ጤነኛ ሰው ቁስሉ ላይ ከሚሰጠው መድኃኒት ጋር በ14 ቀናት ውስጥ አራት መርፌ ይወጋል። በሆድ ላይ ሃያ መርፌ የሚባለው የድሮ ወሬ ነው። ምልክቱ እስኪታይ መጠበቅ ግን አይቻልም፤ ከታየ በኋላ የሚድን ከስንት አንድ ነው።

አሁን ወደማያምረው ነገር። ራኩን የሚጸዳዳው አንድ ቦታ እየተመላለሰ ነው፦ ዛፍ ሥር፣ የማገዶ ክምር ላይ፣ በረንዳ ላይ፣ ከኮርኒስ በላይ። በኩሱ ውስጥ ሰው ላይ ከገባ አንጎልንና ዓይንን የሚያጠቃ የወስፋት ዓይነት እንቁላል ሊኖር ይችላል። በሽታው በሰው ላይ ብዙም አይታይም፤ ከያዘ ግን ከባድ ነው። ይበልጥ የሚያሰጋውም አፈር አፋቸው የሚከቱ ሕፃናትን ነው። እንቁላሉ በሽታ ማስያዝ የሚችልበት ደረጃ ላይ ለመድረስ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ስለሚፈጅበት ቶሎ ያጸዳ ቀደመው ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ በረኪና አይገድለውም። የሚገድለው ሙቀት ነው። ጓንትና ጭንብል አድርገው፣ አቧራው እንዳይነሣ ውሃ አርከፍክፈው፣ ኩሱን በፌስታል ቋጥረው ከጣሉ በኋላ ቦታውን የፈላ ውሃ ያፍስሱበት። የልጆች መጫወቻ አሸዋ ካለ ማታ ማታ ይከደን።

ያውቁ ኖሯል? ራኩን ይዞ ወስዶ ሌላ ቦታ መልቀቅ ቨርጂኒያ ውስጥ ሕገ ወጥ ነው። ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ ግዛት ውስጥም የያዙትን እንስሳ ከተያዘበት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ አርቆ መልቀቅ አይፈቀድም። ሕጉን እንርሳው ብንል እንኳ ሌላ ጣጣ አለ። በሚያዝያና በግንቦት ከኮርኒስዎ በላይ የገባችው ራኩን ብዙ ጊዜ እናት ናት፤ ከሁለት እስከ አምስት ልጆች ይዛ ነው የምትቀመጠው። እሷን ብቻ ይዘው ቢያርቋት ልጆቹ እዚያው ይሞቱና ሽታው ለሳምንታት ቤቱን ያስለቅቃል።

ብልሃቱ እሷው ራሷ እንድትወጣ ማድረግ ነው። ጨለማ፣ ጸጥታና ደህንነት ፈልጋ ነው የገባችው፤ መብራት ያብሩባት፣ ወሬ የሚያወራ ሬዲዮ ይክፈቱባት። እናት ራኩን ሌላ ማደሪያ አታጣም፤ ልጆቿን በማጅራታቸው እየነከሰች አንድ በአንድ ታጓጉዛለች። ልጆቹ ስምንት ሳምንት ገደማ ሞልቷቸው ከእናታቸው ጋር መውጣት ከጀመሩ ደግሞ ባለሙያዎች ቀዳዳው ላይ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት በር ይገጥማሉ፤ ወጥተው መመለሻ ያጣሉ። ሁሉም መውጣቱ ሳይረጋገጥ ቀዳዳ መድፈን የለም። ናፍታሊን በትኖ ማባረር የሚባለውንም ይተዉት፤ ትነቱ ከራኩኗ ይልቅ ታች ያለውን ቤተሰብ ነው የሚጎዳው።

መድፈኛው ምን ይሁን? ተራው የዶሮ ሽቦ አይሆንም፤ በጥርሱም በእጁም ይቀደዋል። ዓይኑ ጠበብ ያለ፣ የተበየደ የብረት ወንፊት ነው የሚያስፈልገው። በረንዳ ሥር ከሆነ ወንፊቱ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት ይቀበርና ጫፉ ወደ ውጭ ይታጠፋል፤ ቆፋሪው ሲቆፍር ብረት ላይ ይቆማል። የጭስ መውጫ ክዳንም አይዘንጋ።

ሣርዎ ሌሊቱን እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ካደረ ሣሩን ጠልቶ አይደለም፤ ሥሩ ያሉትን የጢንዚዛ እጮች ፈልጎ ነው።

አንድ ለእኛ ብቻ የሚሆን ማሳሰቢያ፦ ራኩኖች የሚወልዱበት ወቅትና ፋሲካ ይገጣጠማሉ። ሁለት ወር የጾመ ቤት የዶሮና የበግ አጥንቱን በአንድ ሌሊት በርሜል ውስጥ አውጥቶ ሲያሳድር፣ የምታጠባ እናት ከሩቅ ታሸተዋለች። አጥንቱን በፌስታል ቋጥሮ ፍሪዘር ውስጥ ማቆየትና ቆሻሻ በሚነሣበት ቀን ጠዋት ማውጣት አንድም ሳንቲም አያስወጣም።

ያውቁ ኖሯል? በኅዳር 2025 መጨረሻ ቨርጂኒያ፣ አሽላንድ ውስጥ አንድ ራኩን በመጠጥ መሸጫ ሱቅ ኮርኒስ ወድቆ ገባና ውስኪውን ሰባብሮ ጠጣ። ሠራተኛ ሲገባ መጸዳጃ ቤቱ ወለል ላይ ተዘርሮ ተኝቷል። የእንስሳት ቁጥጥር ሠራተኞች ወስደው ስካሩ እስኪለቀው ካስተኙት በኋላ አሰናብተውታል።

ያውቁ ኖሯል? በ1926 ከሚሲሲፒ ለፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ የምስጋና ቀን ማዕድ ትሁን ተብላ አንዲት ራኩን ተልካ ነበር። ቤተሰቡ መብላቱን ትቶ ርብቃ ብሎ አሳደጋት። ለገና «የዋይት ሐውስ ራኩን» የሚል የተጠለፈበት የአንገት ማሰሪያ ተሰጣት፤ በዋይት ሐውስ ግቢም ገመድ ታስሮላት ትንሸራሸር ነበር። በመጨረሻ የገባችው ሮክ ክሪክ ፓርክ ካለው መካነ አራዊት ነው።

ያውቁ ኖሯል? በአውሮፓ ራኩን አልነበረም። በ1934 ጀርመን ውስጥ፣ ሄሰን ግዛት በሚገኘው ኤደርዜ ሐይቅ አጠገብ ሁለት ጥንድ ተለቀቁ። ዛሬ በአገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል፤ በዚያው ግዛት ያለችው ካሰል ከተማም በእነሱ ብዛት ስሟ ገኗል። ፍራንክፈርት ያላችሁ፣ ሰፈራችሁ ነው። ጃፓን ደግሞ በ1977 የታየ ተከታታይ የካርቱን ፊልም ሕፃናቱን ሁሉ «ራኩን ግዙልኝ» አሰኛቸው። በየዓመቱ እስከ 1,500 ድረስ ገቡ፤ ሲያድጉ ግን የሚገራቸው ጠፋ። በፊልሙ መጨረሻ ልጁ ራኩኑን ጫካ ይለቀዋልና ወላጆችም እንደዚያው አደረጉ። ዛሬ የጥንት ቤተ መቅደሶችን እንጨት የሚቧጥጡት የእነዚያ ዘሮች ናቸው።

የመጨረሻውን ለሚያበሏቸው እናቆይ። በዋሽንግተን ግዛት፣ ፖልስቦ በተባለች ከተማ አካባቢ አንዲት ሴት ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ለራኩኖች ምግብ ስታወጣ ኖራለች። መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ። በ2024 መኸር ግን ወደ መቶ የሚጠጉ ሆነው ቤቷን ቀንም ሌትም ከበቡ፤ በርና ግድግዳ ይቧጥጣሉ፣ መኪና ስታቆም ከብበው ምግብ ይጠይቃሉ። 911 ደውላ ፖሊስ ጠራች። ወጥመድ የሚያጠምድ ድርጅት በአንዱ ራኩን 500 ዶላር እንደጠየቃት ተዘግቧል። ከዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ የተሰጣት ምክር ምግቡን እንድታቆም ነበር፤ ስታቆም ራኩኖቹ መበተን ጀመሩ።