አንድ ሆርሞን፣ ልዩ ልዩ ተቀባዮች፦ የልብ መድኃኒት የአስም ሕሙማንን ለምን ያሰጋል?

ሆርሞኖች ከተለያዩ እጢዎች መንጭተው በደም አማካይነት ወደ መላው አካል የሚሰራጩ መልእክት አድራሽ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ይሁን እንጂ አንድ ዓይነት ሆርሞን በልብ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ በሳንባ ወይም በቆዳ ላይ ከሚያስከትለው የተለየ ሆኖ ይገኛል። የልዩነቱ ምንጭ በየሕብረ ሕዋሱ የሚገኙት ተቀባዮች ዓይነትና ብዛት ነው።

ተቀባይ ወይም ሪሴፕተር የሚባለው ሆርሞኑ ሲያርፍበት ለሕዋሱ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ፕሮቲን ነው። ተቀባይ የሌለው ሕዋስ ሆርሞኑ በአጠገቡ ቢያልፍም ምላሽ አይሰጥም።

ለዚህ አድሬናሊን ዓይነተኛ ማሳያ ነው። ሰው ሲደነግጥ ከኩላሊቶች በላይ ከሚገኙት ሁለት እጢዎች የሚመነጨው ይህ ሆርሞን የልብን ምት ያፋጥናል፤ የሳንባን የአየር ቧንቧዎች ያሰፋል፤ የቆዳንና የአንጀትን የደም ሥሮች ደግሞ ያጠብባል።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ሬይመንድ አልኲስት እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተሙት ጥናት አድሬናሊንና መሰሎቹ በልዩ ልዩ አካላት ላይ ያላቸውን ኃይል በማነጻጸር ተቀባዮቹ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን አመልክተው አልፋና ቤታ ብለው ሰይመዋቸዋል። ሐሳቡ ለዓመታት ብዙ ትኩረት ሳያገኝ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ ቤታ ራሱ ቤታ አንድና ቤታ ሁለት ተብሎ ተከፍሏል።

ቤታ አንድ በብዛት የሚገኘው በልብ ሲሆን፣ ቤታ ሁለት የአየር ቧንቧዎችን በከበቡት ጡንቻዎችና በማህፀን ላይ ይበዛል። የቆዳንና የአንጀትን የደም ሥሮች የሚያጠብበው በዋናነት አልፋ ነው።

የአልኲስትን ሐሳብ መነሻ ያደረጉት ስኮትላንዳዊው ሰር ጄምስ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቤታ ተቀባዮችን የሚዘጋውን ፕሮፕራኖሎል የተባለ መድኃኒት ለማግኘት በቅተዋል። መድኃኒቱ የልብን ሥራ በማቅለል ለደረት ሕመምና ለደም ግፊት ሕክምና ያገለገለ ሲሆን፣ ተመራማሪው እ.ኤ.አ. በ1988 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነዋል።

ይሁንና ፕሮፕራኖሎል ሁለቱንም የቤታ ዓይነቶች ይዘጋል። በመሆኑም ለልብ የተወሰደው መድኃኒት የአስም ሕመምተኛን የአየር ቧንቧዎች በማጥበብ ለከባድ የመተንፈስ ችግር ሊዳርገው ይችላል። ሕመምተኛው ለማስታገሻነት በአፉ የሚስበው ሳልቡታሞል የሚሠራው በቤታ ሁለት ተቀባዮች አማካይነት በመሆኑ፣ ተቀባዮቹ ሲዘጉ ማስታገሻውም ኃይሉ ይቀንሳል።

ለግላኮማ የዓይን ሕመም የሚታዘዘው ቲሞሎል የተባለ ጠብታም ከዚሁ ስጋት ነጻ አይደለም። ጠብታው ከዓይን ወደ ደም ስለሚገባ በአስም ሕሙማን ላይ ተመሳሳይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

እንደ አቴኖሎል ያሉት መድኃኒቶች በይበልጥ ቤታ አንድን የሚዘጉ ናቸው። ሆኖም ምርጫቸው ፍጹም ካለመሆኑም በላይ መጠናቸው ሲጨምር ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል።

የተቀባዮች ብዛትም ቋሚ አይደለም። መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሕዋሳት ተቀባዮቻቸውን ሊያበዙ ይችላሉ። ስለዚህ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ አድሬናሊን በልብ ላይ የሚያሳድረው ጫና ይበረታል፤ የልብ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይም ድንገተኛ የልብ ሕመም (ኸርት አታክ) እስከማስከተል ሊደርስ ይችላል። መድኃኒቱ የሚቋረጠው በሐኪም ክትትል መጠኑ ደረጃ በደረጃ እየተቀነሰ ነው።

አሜሪካውያኑ ሮበርት ሌፍኮዊትዝና ብራያን ኮቢልካ እነዚህን ተቀባዮች ጨምሮ በአንድ ቤተሰብ በሚመደቡ ተቀባዮች ላይ ባደረጉት ምርምር እ.ኤ.አ. የ2012 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን አግኝተዋል። ዘርፉ ለአንድ አካል ብቻ የሚያገለግሉ መድኃኒቶችን ለመቀመም የሚደረገውን ጥረት ማገዙን ቀጥሏል።

በመሆኑም ለአንዱ የታዘዘን የደም ግፊት መድኃኒት ሌላው ተውሶ መውሰድ ለሕይወት አስጊ ሊሆን ይችላል። አስም ያለበት ማንኛውም ሰው ለልብም ሆነ ለዓይን ሕክምና በሚቀርብበት ጊዜ ሕመሙን አስቀድሞ ለሐኪሙና ለፋርማሲ ባለሙያው ማሳወቅ ይኖርበታል።