ሥራ የፈታ ኮምፒውተራችሁ መድኃኒት ሊፈልግ ይችላል፤ የካላዛርን ታሪክ እንንገራችሁ

ከዳባትና ከደባርቅ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ ወጣቶች ካላዛርን በደንብ ያውቁታል። ሜዳ ላይ ሲያድሩ ትንሿ የአሸዋ ዝንብ ትነክሳቸዋለች። ከወራት በኋላ ትኩሳት፣ ክሳት፣ የጣፊያ እብጠት ይመጣል። ካልታከመ ይገድላል። ደጋው ላይ ደግሞ ዘመዱ ቁንጭር አለ፤ ይሄኛው አይገድልም፣ ፊት ላይ ግን ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። ሁለቱንም የሚያመጡት ሌይሽማኒያ የሚባሉ ጥገኛ ተሕዋስያን ናቸው።

ለካላዛር እኛ አገር የተለመደው ሕክምና ሁለት ዓይነት መርፌ በየቀኑ ለ17 ቀን መወጋት ነው። አንደኛው መርፌ ልብና ቆሽት ሊጎዳ ስለሚችል ሆስፒታል ተኝቶ መታከም የግድ ነው።

ታዲያ ኮምፒውተር ምን አገባው? አዲስ መድኃኒት ለማግኘት የተሕዋስያኑ ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ሥራውን የሚያስቆም ሞለኪውል መፈለግ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 በኮሎምቢያ የአንቲዮኪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 600,000 ሞለኪውሎች ይዘው ተነሱ። ፕሮቲን ደግሞ አንድ ቦታ አይረጋም፣ ይተጣጠፋል። ስለዚህ 2,000 በሚጠጉ ቅርጾች ላይ ሞከሯቸው። ከ1 ቢሊዮን በላይ ሙከራ ማለት ነው!

ይሄን አንድ ኮምፒውተር አይችለውም። ስለዚህ ሥራውን ቆራርሰው፣ በወቅቱ አይቢኤም ይመራው በነበረው ዎርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ በኩል በየአገሩ ላሉ ፈቃደኞች የቤት ኮምፒውተር አከፋፈሉት። በቃ፣ እንደ አጨዳ ደቦ በሉት።

ውጤቱስ? አንደብቃችሁም፣ መድኃኒት ቤት የደረሰ ነገር የለም። በ2016 የወጣው ጥናታቸው ቤተ ሙከራ ውስጥ ተስፋ የሰጡ ሞለኪውሎች አሳይቷል፤ ግን የተሞከሩት በላቲን አሜሪካ ቆዳ የሚያቆስለው ዝርያ ላይ ነው። የመተማው ሌላ ዝርያ ነው። እኛን የሚቆጨን እሱ ነው፦ ደቦው የሚወጣው ለጠራው ሰው ማሳ ነው፣ ከዚህም የሚጠራ ያስፈልጋል።

ያ ፕሮጀክት አልቋል። ዛሬ ብትገቡ የምትሠሩት ለሌላ ጥናት ነው፣ ለምሳሌ ለካንሰር። መግቢያው ቦይንክ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ኮምፒውተር ላይም አንድሮይድ ላይም ይጫናል። ስልክ ላይ ሴቲንጉን ካልነካካችሁት የሚሠራው ቻርጀር ላይ ሲሆን፣ ባትሪው 90 በመቶ ሲደርስና ዳታውን የሚልከው በዋይፋይ ብቻ ነው። ሴቲንጉን አትንኩት፣ ፓኬጃችሁን ይበላዋል። ስልክም ላፕቶፕም ይግላል። እኛ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ስንሞክረው ፋኑ እንደ ወፍጮ ጮኸብን፣ የሲፒዩ መጠኑን ግማሽ ስናደርገው ተረጋጋ። መብራት እየሄደ በሚመጣበት ሰፈር ካላችሁና ባትሪያችሁ ያረጀ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ሌላው፦ ሶፍትዌሩን ከራሱ ከቦይንክ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ገንዘብ አይከፍልም፣ አያስከፍልምም። ቴሌግራም ላይ በዚህ ስም «በቀን ዶላር ታገኛላችሁ» ወይም «መመዝገቢያ ላኩ» የሚላችሁ ካለ አጭበርባሪ ነውና ብሎክ አድርጉት።